ሐረር ለፀሐይ ከድሬዳዋ ይቀርባል፤ ታዲያ ለምን ይቀዘቅዛል?

ጥያቄው የእኔ ነበር። በድሬዳዋና በሐረር መካከል አባዱላ እነዳለሁ፤ መንገዱን ከነኩርባው በቃሌ አውቀዋለሁ። መጋቢት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋቢና ከአያቱ ጋር የተቀመጠ 8 ዓመት የሚሆነው ልጅ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ መስኮቱን ዘጋና እጆቹን ብብቱ ሥር ወሸቀ። ወደ ላይ እየወጣን ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ፀሐይስ ላይ አይደለችም ወይ አለኝ፤ ነች አልኩት። ታዲያ ወደ ምድጃ የሚጠጋ ሰው ይሞቀዋል እንጂ እንዴት ይበርደዋል? አያቱ የፈጣሪ ሥራ ነው አሉት። እኔ ደግሞ ደጋ ስለሆነ ነው ብዬ ማርሽ ቀየርኩ።

ሐረር መነኸሪያ እስክገባ ድረስ ነገሩ አልለቀቀኝም። ለልጁ የሰጠሁት መልስ አልነበረም። ደጋ ማለት ብርዱን በስሙ መጥራት እንጂ ብርዱ ከየት እንደመጣ መናገር አይደለም። ማታ ድሬ ገብቼ ጥያቄውን እንዳለ የምንጻጻፍበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጻፍኩት። በየቀኑ የማየውን ሌላ ነገርም ጨመርኩበት፦ ተሳፋሪ ሐረር ላይ ውሃውን ጠጥቶ ክዳኑን ያጠበቀው ባዶ ሃይላንድ፣ ድሬ ስንደርስ ሰው በእጁ የጨመቀው ይመስል ጎኑ ገብቶ ይገኛል። ማንም ሳይነካው። ሁለቱ ነገሮች ዝምድና እንዳላቸው ልቤ ጠርጥሮ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አልችልም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጡትን መልሶች እንደ ቅደም ተከተላቸው እነግራችኋለሁ።

1ኛው መልስ በሰላምታ የጀመረ፣ ረጋ ያለ ነበር። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ፣ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ እንዳሉ አስቀመጠ። ልዩነቱ 700 ሜትር እንኳ አይሞላም። ያመጣው ምሳሌ ለሹፌር የሚገባ ነው፦ የፀሐይን ርቀት ከድሬ እስከ ጅቡቲ ባለው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብንመስለው፣ ሐረር በመውጣታችን የምንጠጋው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሰው ወደ ጅቡቲ እሳት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ቢጠጋ ምን ይሞቀዋል?

2ኛው መላሽ ይህን ደግፎ የማላውቀውን ነገር ጨመረበት። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ድፍን ክብ ስላልሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትጠጋለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ 152 ሚሊዮን ትርቃለች። የምትጠጋው መቼ ነው ቢባል፣ ታኅሣሥ 26 አካባቢ፣ የገና ሰሞን! ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ የሚያድርበት ወቅት ማለት ነው። 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መጠጋት ያላሞቀንን 700 ሜትር አያሞቀንም፤ ወቅቶችን የሚያፈራርቀው ምድር 23.4 ዲግሪ ያህል አዘንብላ መዞሯ እንጂ ርቀት አይደለም ሲል ደመደመ። የልጁ ምድጃ እዚህ ላይ ከጨዋታው ወጣ። ብርዱ ግን ገና አልተፈታም።

3ኛዋ ከሸዋ በር አካባቢ የምትጽፍ የሐረር ሴት ነች። ሐረር ዛፍና ነፋስ ስላላት፣ ድሬ ደግሞ አስፋልትና ቆርቆሮ ስለሆነች ነው ባይ ናት። ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ቆርቆሮና አስፋልት የከተማን ሙቀት ይጨምራሉ። ነገር ግን ደንገጎ ዳገት ላይ ቆርቆሮ በሌለበት ሜዳም ልጁን በርዶታል።

4ኛው ስለ ሃይላንዱ ነው የመለሰው። ፕላስቲክ በድሬ ሙቀት ስለሚኮማተር ነው ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። 5ኛው ወዲያው ገባ፤ በጡረታ ላይ ያሉ የፊዚክስ መምህር ናቸው፣ መድረኩ ላይ ሁላችንም መምህር ብለን ነው የምንጠራቸው። 4ኛውን ሳያሳፍሩ አረሙት። በሙቀት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር ይነፋል እንጂ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሃይላንዱ ድሬ ሲደርስ ይወጠር ነበር። የሚጨምቀው በላያችን የተቆለለው አየር ክብደት ነው። በባሕር ዳርቻ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ ድሬዳዋ ላይ 87 ገደማ፣ ሐረር ላይ 80 ገደማ ይሆናል። ሐረር ላይ የተዘጋው ጠርሙስ የሐረርን ስስ አየር ይዞ ወደ ድሬ ይወርዳል፤ ድሬ ያለው ከባድ አየር ከውጭ ይጫነዋል። ግፊቱ ብቻ ቢሆን ከግማሽ ሊትር ጠርሙስ ወደ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ቦታ ይወስድ ነበር፤ የድሬ ሙቀት ከውስጥ መልሶ ስለሚነፋው ግን የሚቀረው ወደ 30 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

6ኛው መልስ በየመጽሐፉ የምናገኘው ነው፤ በጥሩ አማርኛ ቀርቧል። የፀሐይ ብርሃን አየሩን አብዛኛውን ሰንጥቆ ያልፍና መሬትን ያሞቃል፤ አየሩ የሚሞቀው ከሥር፣ ከመሬት ነው፤ እንደ ምጣድ። ከምጣዱ እጃችንን ባነሳን ቁጥር ሙቀቱ እንደሚቀንስ፣ ከመሬት በራቅን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ። በ700 ሜትር ሲሰላ 4.5 ዲግሪ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ረክቼ ነበር። አመስግኜ ልዘጋ ስል 7ኛዋ መጣች።

7ኛዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነች፣ ሐረር ነው የምትኖረው። ጽሑፏ አጭርና ስል ነበር። ሐረርም መሬት ላይ ናት፤ እኛ በአየር ላይ አልተንጠለጠልንም። ምጣዱ አብሮ ወደ ላይ ከወጣ እጅ ከምጣዱ አልራቀም ማለት ነው። የሐረር መሬት የሚያገኘው ፀሐይ ከድሬ መሬት አያንስም፤ እንዲያውም በላዩ ያለው አየር ስስ ስለሆነ ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ የ6ኛው መልስ በአየር ላይ ስለተንሳፈፈ ፊኛ እንጂ ስለ ሐረር አይደለም ስትል ጻፈች።

6ኛው ተቆጣ። የተማረውን ትምህርት ዘርዝሮ ልጅቷ መጀመሪያ መጽሐፏን እንድታነብ መከራት። 8ኛው ከእሱም ብሶ፣ ልጅ በትልልቅ ሰዎች ጨዋታ መግባት እንደሌለባት ጻፈ። ይሄ አናዶኛል፣ አሁንም ያናድደኛል። ጥያቄውን ያመጣው 8 ዓመት የሞላው ልጅ መሆኑን ረስተውታል። 9ኛው፣ በንግግራቸው ከመጋላ የሆኑ የሚመስሉ አዛውንት፣ ሁለቱንም ገሠጹ፤ ልጅቷ የጠየቀችውን መመለስ ያቃተው ሰው ዕድሜዋን ይቆጥራል አሏቸው። 8ኛው ከዚያ በኋላ አልታየም። 6ኛው ግን ከቀናት በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ተመልሷል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

10ኛው የመምህር ነው፤ ከሁሉም ረጅሙ። ከመነሻው ልጅቷ ትክክል መሆኗን፣ እርሳቸውም ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ የ6ኛውን መልስ ብቻ ሰጥተው ማለፋቸውን ጻፉ። ከዚያ ነገሩን በሁለት ከፈሉት።

መጀመሪያው ስለ አየሩ ነው። አየር ወደ ላይ ሲወጣ በላዩ የሚጫነው ስለሚቀንስ ይለጠጣል። ለመለጠጥ ዙሪያውን ያለውን አየር መግፋት አለበት፤ የሚገፋበትን ጉልበት የሚያወጣው ደግሞ ከራሱ ሙቀት ነው። ስለዚህ ማንም በረዶ ሳያስነካው በመውጣቱ ብቻ ይቀዘቅዛል፤ ደረቅ ከሆነ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል። እርጥበት ያለው አየር ግን ተኑ ወደ ጤዛ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅለት ቅዝቃዜው ይዘገያል፤ አማካዩ ወደ 6.5 የወረደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሐረር ላይ የሚነፍሰው ነፋስ የሐረር ብቻ አይደለም፤ በዚያ ከፍታ ዙሪያውን ያለው አየር ሁሉ ነው፤ ተለጥጦ የቀዘቀዘ አየር። የሐረር መሬት ሊያሞቀው ይሞክራል፤ ነፋሱ ግን ወዲያው ይወስድበታል። ሰፊ አምባ ከሆነ መሬቱ በከፊል ያሸንፋል፤ እንደ ቲቤት ባለ ሰፊ ደጋ ላይ ያለው አየር በዚያው ከፍታ በባዶ ሰማይ ካለው አየር ይሞቃል። ልጅቷ ምጣዱ አብሮ ይወጣል ማለቷ በዚህ በኩል እውነት ነው።

ሁለተኛው ስለ መሬቱ ነው። መሬት በፀሐይ ያገኘውን ሙቀት ዓይን በማያየው ጨረር መልሶ ወደ ሰማይ ይለቃል። አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዚያ ጨረር ብዙውን ይዞ ያስቀራል፤ ከፊሉንም ወደ መሬት ይመልሳል። ድሬ በላይዋ ብዙ አየርና ብዙ ተን አላት፤ ሐረር ያነሰ። መምህር እንዳሉት ድሬ ጋቢ ለብሳ ታድራለች፣ ሐረር ነጠላ።

ይህን ሳነብ መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ ተራ እየጠበቅኩ። ወርጄ የጀጎልን ግንብ ነካሁት። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ፀሐይ የመታው ድንጋይ መዳፍ ያቃጥላል። ሁለት እርምጃ ተራምጄ ጥላው ውስጥ ስገባ ደግሞ ኮት አሰኘኝ። ይህን ሁልጊዜ የማውቀው ነገር ነው፤ አስቤው ግን አላውቅም። ድሬ ላይ ጥላ ውስጥ ብትገባም ሙቀቱ ይከተልሃል፤ አየሩ ራሱ ሞቋልና። ሐረር ላይ ግን ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። የልጅቷ ጥያቄና የመምህር መልስ ያ ግንብና ጥላው ላይ ነበሩ።

11ኛው የራሴ ነው። መምህር አየር ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል ያሉትን ጣቴ ያውቀዋል። ጎማ በጣም ተሞልቶ ቫልቩን ተጭነህ ስታስተነፍሰው የሚወጣው አየር አውራ ጣትን ያቀዘቅዛል። በእጅ ፓምፕ ጎማ የነፋ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ያውቃል፤ የፓምፑ ታች ይግላል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል። በዚያው ስለ ጆሮም ጻፍኩ፦ ደንገጎ ላይ ጆሮው የሚደፈንበት ተሳፋሪ ምራቁን ሲውጥ የሚከፈትለት፣ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው አየር እንደ ሃይላንዱ ከውጩ ጋር ስላልተካከለ ነው። ሲውጡ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ይከፈትና ይተካከላል። ለሕፃናት ጡት ወይም ጡጦ ስጧቸው እላለሁ፤ ለቅሷቸው ብዙ ጊዜ የጆሮ ነው።

12ኛው የጋቢውን ምሳሌ ነቀፈ። ጋቢ የሚያሞቀው በዋናነት የሞቀ አየር ይዞ ነፋስ ስለሚከለክል ነው፤ ሰማይ የሚያደርገው ግን የሙቀት ጨረር መያዝ ነው፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም ሲል ጻፈ። መምህር ተቀበሉት። እኔ ግን ጋቢውን አልጥለውም፤ ለ8 ዓመት ልጅ የሚነገር ነገር እፈልግ ነበር።

ከ13 እስከ 16 ያሉት መልሶች ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ። 13ኛው ባቡሩ መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ እንደነበር፣ ተራራው አላስወጣ ስላለው ሐዲዱ ከሥር ቆሞ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ እንደተቆረቆረች፣ መጀመሪያ ላይም አዲስ ሐረር ትባል እንደነበር አስታወሰ። እውነት ነው፤ ይህ 700 ሜትር ብርድ ብቻ ሳይሆን ከተማም ሠርቷል። 14ኛዋ ይህን ይዛ ድሬ የሐረር ልጅ ናት አለች። 15ኛው ልጅ እናቱን ካሳደገ ማን ማን ነው ብሎ መለሰላት። 16ኛው በዕድሜ ሐረርን ምንም እንደማይደርስባት፣ የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ጻፈ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ስድብ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው 17ኛዋ በባቄላ አዳነችን።

17ኛዋ ድሬ ተወልዳ ሐረር ያገባች ናት። ሐረር ከገባች ወዲህ ባቄላና ሽምብራ አልበስል እያላት መቸገሯን፣ አማቷም እንጨት ቆጥባ እንደሆነ መጠርጠራቸውን ነገረችን። መምህር ደስ ብሏቸው ተመለሱ፤ 18ኛው የእርሳቸው ነው። ውሃ የሚፈላው ተኑ በላዩ የሚጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው። አየሩ ሲሳሳ ቀድሞ ይፈላል፦ በባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ፣ ድሬ 96 ገደማ፣ ሐረር 94 ገደማ። አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨመርም ሙቀቱ አይጨምርም፣ ቶሎ ይተናል እንጂ። ባቄላው ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ነው የሚበስለው። እሳቱን ከማብዛት ከማታ ጀምሮ መዘፍዘፍ ይሻላል፤ ወይም ግፊት የሚይዝ ድስት መጠቀም። 19ኛው 2 ዲግሪ ምን ያመጣል ብሎ ሲከራከር፣ ለሰዓታት የሚፈላ ነገር ላይ 2 ዲግሪ ደቂቃዎች እንደሚጨምር ሌሎች አስረዱት። ሴትዮዋ መልሱን ለአማቷ ጮክ ብላ እንዳነበበችላቸው ጽፋለች።

20ኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እንደ እኔ ሹፌር። ከባቄላው ወደ ራዲያተር አሻገረን፣ እኔም ይህን ለማንበብ ስል ብቻ ውይይቱን ደግሜ እከፍተዋለሁ። ዳገት ላይ ሞተር ሲግል የራዲያተር ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎ እንኳ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ጎማው ካረጀ ግን ግፊቱ ይሾልካል፤ ያኔ ከፍታው ላይ ውሃው ቶሎ ይፈላል። አንድ ጋራዥ ክዳኑ ደህና ነው ብሎ አሰናብቶት ዳገቱ ወገብ ላይ እንደቆመ፣ ተሳፋሪ እየተቻኮለበት በጨርቅ ይዞ ክዳኑን እንደከፈተው ነገረን። የተከፈተው ውሃ አይደለም፣ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት የተለወጠ ነገር ነው። ግፊቱ በድንገት ሲነሳ፣ በጣም የጋለ ውሃ የሚፈላበት ነጥብ ወደ 94 አካባቢ ይወርድና ያለ እሳት ይገነፍላል። ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ እኔ በዓይኔ አውቀዋለሁ፤ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ የቆዳው ቀለም ሌላ ነው። ይህን የምታነቡ ወጣት ሹፌሮች፣ ሞተሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይበርድ ክዳን አትንኩ። ተሳፋሪ ይቆጣ።

21ኛው ስለ ጅብ ነበር፤ ከጀጎል ውጭ ማታ የሚያበራው ዓይናቸው የራሱ ብርሃን ይኖረው እንደሆነ ጠየቀ። 22ኛዋ ከዓይናቸው ጀርባ እንደ መስታወት የሚመልስ ሽፋን እንዳለ፣ መብራት ሳይኖር እንደማያበራ መለሰችለት። ይኸው ነው፣ ወደ ሰማይ ተመለስን።

23ኛው ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ያደገ ሰው ነው። ደጋው ለምን ይቀዘቅዛል የሚለው ጥያቄ ለእሱ የጨዋታ እንዳልሆነ ጻፈ። ከቆላ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ተደግፎ ሲወጣ ይለጠጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ተኑ ደመና ይሆንና እዚያው ይዘንባል። ውሃው የሚወርደው ግን ወደ ድሬ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በሌሊት፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በደረቁ ወንዝ መጥቶ ተኝተው የነበሩ ሰዎችን ወሰደ፤ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የእሱ ቤተሰብ ነበረበት። በራስህ ላይ ያለው ሰማይ ጠርቶ ኮከብ እየታየ፣ ደቡብ በኩል ተራራው ላይ መብረቅ ካየህ ከወንዙ ውጣ፤ ይህን ለልጁ ንገረው ሲል ጻፈልኝ። ከ24 እስከ 27 ያሉት የማጽናኛ ቃላት ናቸው። የተጨቃጨቁት 14ኛዋና 15ኛው ሁለቱም ጽፈዋል። እኔ ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ፣ እነግረዋለሁ ብቻ አልኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ 28ኛዋ ሆና ተማሪዋ ተመለሰች፤ አዲስ ነገር ይዛ። ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው፦ ድሬ ላይ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 አካባቢ፣ ሐረር ላይ ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 23 አካባቢ። 29ኛው ሁልጊዜም ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት ብሎ ተሟገተ። እሷም ሰኔ ላይ ቀትር ሲሆን ጥላው ወደ ደቡብ፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ፣ ግቢው ውስጥ እንጨት ተክሎ እንዲያይ ነገረችው። ሰዓቱንም ቆርጣ ሰጠችን፤ ድምቡ 6 ሰዓት ሳይሆን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ገደማ፣ ምክንያቱም የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ነው። 30ኛዋ በዚህ ተነሥታ በሰኔ 2012 የፀሐይ ግርዶሽ ጠዋት በድሬ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር የወደቀው ብርሃን ሁሉ የጨረቃ ማጭድ ቅርጽ እንደነበረው፣ በቅጠሎቹ መካከል ያለው እያንዳንዱ ቀዳዳ የተገመጠችውን ፀሐይ ምስል እንደሚጥል አስታወሰችን። እኔም ያን ቀን ከዚራ ነበርኩ። አስፋልቱ ሙሉ ማጭድ ነበር፣ ረግጬ ማለፍ ከብዶኝ ነበር።

31ኛው ይቅርታ የጠየቀው 6ኛው ነው። የመምህር 30 ሚሊ ሊትር በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፣ የለካው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ይህን ጊዜ በትሕትና። ልጅቷ 32ኛ ሆና እንዴት እንደሚለካ ጻፈች፣ የሚያመላልሰውም ሹፌሩ ይሁን አለች። ሹፌሩ እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሐረር መነኸሪያ ከአባቷ ጋር መጣች። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በውስጡ ጠብታ እስከማይቀር አድርቃ፣ ጥላ ውስጥ ትንሽ አቆይታ፣ ፊቴ ላይ ክዳኑን አጠበቀችው። ጋቢና ላይ አስቀመጥኩት። ሐረማያን ስናልፍ እንዳለ ነበር፤ እዚያ መንገዱ ከሐረርም ከፍ ይላል። ደንገጎን መውረድ ስንጀምር አንዴ ቀጭ አለ። ኩርባዎቹን ስንጨርስ ጎኑ ሰርጉዶ ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በሳፋ ውሃ ሞላችልኝ። ጠርሙሱን ደፍቼ አፉን ውሃው ውስጥ አስገብቼ እዚያው ክዳኑን ፈታሁት። ውሃው ራሱ ወደ ላይ ገባ፤ የሰረጎደው ጎን ድምፅ እያሰማ ወደ ቦታው ተመለሰ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ከሳፋው ውሃ ጋር እስኪስተካከል አጋደልኩት፣ ልጅቷ እንዳዘዘችኝ፤ ከዚያ ውሃው ውስጥ እንዳለ ከድኜ አወጣሁት። የገባውን ከፋርማሲ በገዛሁት ስሪንጅ እየሳብኩ ለካሁ። 10፣ ሌላ 10፣ ከዚያ 9። ባለቤቴ ደግማ ለካችው፤ 29 ሚሊ ሊትር።

33ኛው መልስ ይህ ነው፤ ከሳፋውና ከስሪንጁ ፎቶ ጋር ለጠፍኩት። መምህር እንኳን ደስ አለህ አሉኝ፣ ልጅቷ ግን ወዲያው የሳፋውን ውሃ ሙቀት ለምን እንዳልለካሁ ጠየቀችኝ። ልክ ናት፤ ለሚቀጥለው ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ።

ልጁን ከአያቱ ጋር ገና አላገኘሁትም። አያቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው ወደ ሐረር የሚሄዱት። ዛሬ ጠዋት ድሬ ላይ አንድ ባዶ ሃይላንድ ጥብቅ አድርጌ ዘግቼ ጋቢና አስቀምጫለሁ፤ ወደ ላይ ስንወጣ እንደ ድንጋይ ይወጠራል። ክዳኑን ሐረር ስንደርስ እሱ ይከፍተዋል።